የጋራ አምፖል

ጠዋት እንደ ወትሮዬ ተነሣሁ። ፊቴን ታጥቤ፣ ከማታ የተረፈውን የቦዬ ሥር ቅቅል በዳጣ ቀማምሼ፣ የተማሪዎቼን ደብተሮች በጨርቅ ቦርሳዬ ከተትኩ። ነጠላዬን ደርቤ በሩን ስከፍት የዳሞታ ተራራ እስከ ወገቡ ጉም ለብሷል። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ መንገዱን አጥቦታል፤ ዝንጅብል የጫኑ አህዮች ወደ ገበያው ቀስ እያሉ ያልፋሉ። ፀሐይዋ ወጥታለች። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለው የአቶ ገብረማርያም የመብራት ሞተር ግን ገና አልቆመም። ዱግ ዱግ ይላል። በየበረንዳው የተንጠለጠሉት አምፖሎች በቀን ብርሃን ውስጥ እንደበሩ ናቸው፤ ድግሱ ካለቀ በኋላ መሄጃ የጠፋቸው እንግዶች ይመስላሉ።

ጎረቤቴ እትዬ ጣፈጠች ደጃቸውን እየጠረጉ ነበር። ቀና ብለው መጀመሪያ ከፊት ለፊት ሱቅ በረንዳ ላይ ያለውን አምፖል፣ ከዚያ ፀሐይዋን አዩ።

«አንቺ አስካለች፣ ይኼ ሰውዬ ደግሞ ለፀሐይ ማብራት ጀመረ?»

«ከጀመረ እኮ ሰነበተ፣ እትዬ።»

«ለሷ ያበራል፣ እኛን ያስከፍላል። እሷ መቼ ደንበኛው ሆነችና!»

ባለቤታቸው ጋሼ ወልደሰንበት ከውስጥ ሳቁ። ጋሼ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ በዚያ ሰዓት የስፌት መኪናቸውን ዘይት እያጠጡ ነበር። ሳቃቸውን የሰማሁት ግን በእነሱ በር በኩል አይደለም። ከኋላዬ፣ ከራሴ ቤት ውስጥ ነው የመጣው። የእኔና የእነሱ ቤት በአንድ የጭቃ ግድግዳ የተያያዘ ነው፤ በግድግዳው ላይ የሻይ ትሪ የሚያህል ቀዳዳ አለ። ቀዳዳውን የበሳው ባለቤቴ ኤርካሎ ነው።

ኤርካሎ ቀያሽ ነበር። የመብራቱ ምሰሶዎች የሚተከሉበትን ቦታ በኖራ እያመለከተ ከተማውን ከላይ እስከ ታች የዞረው እሱ ነው። አቶ ገብረማርያም ሞተሩን ከሻሸመኔ በጭነት መኪና ባመጡ ጊዜ ሕዝቡ ሁሉ ወጥቶ አየ። ማዘጋጃ ቤቱ ፈቃድ ሊሰጣቸው ፈለገ፤ ነገር ግን አንድ ነጋዴ ብቻውን የሚሸጠውን ነገር በፈለገው ዋጋ ይሽጥ ተብሎ አይተውም፤ ገዢው ሌላ የሚሄድበት የለውም። ስለዚህ ለትርፉ ልክ ይበጅለት ተባለ። ልኩን ያበጀው ኤርካሎ ነው፣ በእኛ ቤት ጠረጴዛ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ሹም ከአቶ አንጁሎ ጋር ተቀምጦ።

«ናፍጣውን፣ ዘይቱን፣ የሠራተኛውን ደመወዝ ያስላ» አለ። «በዚያ ላይ የወጪውን አሥረኛ ያትርፍ። ድምሩ በከተማው ውስጥ ላሉት አምፖሎች ይካፈል።»

«ለምን አሥረኛ?» አሉ አቶ አንጁሎ።

«ሰው የማይከራከርበት ልክ እሱ ብቻ ነዋ። በቆሎው ሲደርስ፣ ዝንጅብሉ ሲነቀል፣ ቅቤው ሲወጣ ከአሥር አንዱን ለቤተ ክርስቲያን የማይወስድ ማን አለ? አሥረኛ በዛ የሚልስ ማን አለ?»

አቶ አንጁሎ ሳቁ። እውነትም ማንም በዛ አላለም። በሌላ አገር ሰዎች ስለ ትርፍ ልክ ሲሟገቱ ይውላሉ፤ እኛ ዘንድ ነገሩ በአንድ ከሰዓት በኋላ አለቀ። አሥራት የለመደ ሕዝብ ነበርን።

ቆጣሪ የሚባል ነገር አልነበረም። የሚቆጠረው አምፖሉ ነው። አንድ አምፖል ያለው የአንድ፣ ሁለት ያለው የሁለት ይከፍላል። ኤርካሎ ይህን ካሰበበት በኋላ አንድ ቅዳሜ መሮና መዶሻ ይዞ ወደ ጎረቤት ሄደ።

«ጋሼ ወልደሰንበት፣ ግድግዳዎን ልብሳው?»

«ምን ልትሰርቀኝ ነው? ያለኝ መርፌ ነው።»

«ብርሃን ላካፍልዎ ነው።»

«እንግዲያ ብሳው። ብቻ ስትጨርስ መርፌዎቼን ቆጥረህ አስረክበኝ።»

ወደ ቤት ተመልሶ ወንበሩን ከግድግዳው አስጠግቶ ተቀመጠ፤ ጀርባውን ደገፍ አድርጎ ከሰል ሰጠኝና «በራሴና በትከሻዬ ዙሪያ አስምሪ» አለኝ። ተቀምጦ ሲሠራ ብርሃኑ በልኩ እንዲመጣለት ፈልጎ ነው። አሰመርኩ። ከሰሉ ጆሮው ጋ ሲደርስ ኮርኩሮት ተነቃነቀ፤ ስለዚህ መስመሩ በዚያ በኩል ትንሽ ተጣሟል። በዚያው መስመር በሳው። አንድ አምፖል በቀዳዳው መካከል ተንጠለጠለ፤ ግማሹ ብርሃን የእኛ፣ ግማሹ የእነሱ፣ ክፍያውም እኩል በእኩል ሆነ።

በከተማው የመጀመሪያው ቀዳዳ የእኛ ነበር። ሰዎች እየመጡ አዩት። ብዙም ሳይቆይ በየመንደሩ የመሮ ድምፅ ተሰማ። ቤቶቻችን ተያይዘው የተሠሩ ስለነበሩ ሁሉም የሚበሳው ግድግዳ አላጣም። በዚያ ዓመት ሶዶ ከዳር እስከ ዳር አንድ ረጅም ቤት የሆነች ይመስለኝ ነበር። በአንዱ ቤት የተጀመረ ጸሎት በሌላው ቤት ይፈጸማል። የሚጠበስ ሽንኩርት ሽታ ከቤት ወደ ቤት እየተሻገረ መንገድ ይጨርሳል። የአንዷ ልጅ ሲያለቅስ ሦስተኛዋ ቤት ያለችው ሴት እሹሩሩ ትላለች። አመሻሽ ላይ ከዳገቱ ቆሜ ስመለከት ግድግዳዎቹ የጠፉ፣ ብርሃኑ ብቻ እንደ ወተት ከዕቃ ወደ ዕቃ የሚገለበጥ ይመስለኛል።

ኤርካሎ በክረምት የብላቴን ወንዝ ሲሻገር ቀረ። ስለዚያ ሌላ የምለው የለኝም።

ከዚያ በኋላ የጋሼ ወልደሰንበት ዓይን እየደከመ መሆኑን አስተዋልኩ። ክር ለማስገባት መርፌውን ወደ አፍንጫቸው ያስጠጉ ነበር። ሽቦውን ወደ እሳቸው ቤት ስበው አምፖሉን ከስፌት መኪናቸው በላይ እንዲሰቅሉት ነገርኳቸው። እኔ ብዙ ብርሃን የሚፈልግ ሥራ አልነበረኝም። እሺ አሉ። መኪናቸውን ከግድግዳው አስጠግተው፣ ጀርባቸውን ለቀዳዳው ሰጥተው መስፋት ጀመሩ።

እንዲህ ሲሆን ብርሃኑ ከፊታቸው ተነሥቶ በራሳቸውና በትከሻቸው ዙሪያ ያልፍና በቀዳዳው በኩል ወደ እኔ ይመጣል። በማዶ ባለው ነጭ ግድግዳዬ ላይም የሰው ጥላ ይወድቃል። ጎንበስ ብሎ የሚሠራ ሰው ነው። ጥላ ፊት የለውም፤ ዕድሜ የለውም፤ ሽበት አይታይበትም። ቀዳዳው ለኤርካሎ ልክ የተበሳ ስለሆነ ጥላው የሚቀመጥበት ክፈፍ የኤርካሎ ነው፣ በጆሮው በኩል እንደተጣመመ።

ማታ ማታ ደብተር ሳርም ቀና እላለሁ። ሰው አለ። ራሱን ትንሽ ያዘነብላል፣ ክንዱን ያነሣል፣ ይመልሳል። መልሼ ወደ ደብተሩ አቀረቅራለሁ። አንዳንዴ ጋሼ በቀዳዳው በኩል ዞር ብለው «ብርሃንሽን ጋረድኩብሽ፣ ልጄ» ይሉኛል። «ምንም አይደል፣ ጋሼ» እላለሁ። በነጋታው ማታ ተመልሰው እንዲጋርዱብኝ እጠብቃለሁ። ይህን ለማንም አልነገርኩም።

ነገሩ ቀስ በቀስ መበላሸት ጀመረ። ሁለት ቤት አንድ አምፖል ሲጋራ የአምፖሉ ቁጥር ቀነሰ። የሞተሩ ወጪ ግን አልቀነሰም። ያው ወጪ ለጥቂት አምፖል ሲካፈል የእያንዳንዱ ድርሻ ከፍ አለ። ድርሻው ከፍ ሲል ያልበሱትም በሱ፤ ሲበሱ ቁጥሩ እንደገና ቀነሰ፤ ዋጋውም እንደገና ወጣ። ከተማው ሁሉ ለመቆጠብ ሲል ራሱን ያስወድድ ነበር።

አቶ ገብረማርያም በዚህ አልተጎዱም። ወጪያቸው ተመላሽ፣ ትርፋቸው የወጪው አሥረኛ ነው። እንዲያውም ብዙ ናፍጣ ሲቃጠል አሥረኛውም ያድጋል። ለዚህ ነው ሞተሩ ፀሐይ ከወጣች በኋላ የሚሠራው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ በዓመት በዓል ለድኻ ሥጋ ያካፍላሉ። የተሰጣቸው ልክ ወደዚያ ስለገፋቸው ሄዱ። ልኩን የሰጣቸው ደግሞ ኤርካሎ ነው።

አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት ዓመለወርቅ ወደ ትምህርት ቤት መጣች። ከከተማው ዳር፣ ወደ አረካ በሚወስደው መንገድ ላይ ሻይ ቤት አላት፤ ቤቷ ብቻውን በእንሰት ተከቦ የቆመ ነው። ከዋርካው ሥር ቆማ ጠበቀችኝ።

«ሳሮ፣ መምህርት።»

«ሳሮ። በደህና ነው?»

«ምን ደህና አለ? ሽቦዬን ቆረጡት። ዋጋው ወጣ ወጣና አልችል አልኩ። አሁን ጨለማ ቤት ማን ሻይ ይጠጣል? ሹፌሮቹ ብርሃን ወዳለበት ያልፋሉ። ቤቴን ልዘጋው ነው።»

«ከጎረቤት ጋር...» ብዬ ጀመርኩና ተውኩት።

«ከጎረቤት?» ሳቀች። «የእኔ ጎረቤት እንሰት ነው። እንሰቱን ልብሳው? ቀዳዳ ያለው ሁሉ ግማሽ ይከፍላል፤ የሸሸው ግማሽ እኔ ላይ ይመጣል። የእናንተን ብርሃን የምከፍለው እኔ ነኝ እኮ! አንቺማ ምን ጨነቀሽ። ማታ ማታ አጫዋች አለሽ።»

ስለ ጥላው የምታውቀው ነገር አልነበረም። ስለ እትዬ ጣፈጠች ወሬ ማለቷ ነው። ቢሆንም ፊቴ ሲግል ታወቀኝ።

አቶ አንጁሎ የታሪፉን ነገር የሚያይ ኮሚቴ አቋቁመው ነበር። ሦስት ሰዎች ነን፤ እሳቸው፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው አቶ ቦሼ፣ እና እኔ። እኔን የጠሩኝ አዲስ አበባ ኮሌጅ ሒሳብ ስለተማርኩ ነው ብለዋል። ወንበሩ ለኤርካሎ ታስቦ እንደነበር ግን ሁለታችንም እናውቃለን። ዓመለወርቅ የመጣችውም ለዚሁ ነው። ስብሰባው በማግስቱ ነበር።

የዚያን ዕለት ማታ ደብተር አላረምኩም። እጄን አጣጥፌ ጥላውን አየሁ። ወረቀት ሳላወጣ ሒሳቡን በልቤ ሠራሁት፤ ከባድ አይደለም። ትርፉ ከወጪው ላይ ካልተነሣ ሞተሩ ለፀሐይ ማብራቱን አይተውም። ትርፉ ከአምፖሉ ጋር ከታሰረ ደግሞ አምፖል በትክክል መቆጠር አለበት፤ ሁለት ቤት የሚያበራው ሁለት ተብሎ። አምፖል በትክክል ከተቆጠረ ቀዳዳ ያለው ሰው ምንም አያተርፍም። ምንም ካላተረፈ ይደፍነዋል። በዚያ በኩል የስፌት መኪናው ይሮጣል፤ በዚህ በኩል ጥላው ክንዱን አንሥቶ ይመልሳል። የዓመለወርቅ ቤትና ይህ ጥላ በአንድ ሽቦ ላይ የተንጠለጠሉ መሆናቸውን ሌላ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ስብሰባው በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ከሰዓት በኋላ ተጀመረ። መስኮቶቹ ክፍት ናቸው፤ ሰማዩ ጠርቶ አባያ ሐይቅ በሩቁ እንደ ተዘረጋ ቆዳ ይታያል። አቶ ገብረማርያም ኮት ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ዓመለወርቅ በሩ አጠገብ አግዳሚ ላይ ናት።

«እንግዲህ ነጋዴው ይናገሩ» አሉ አቶ አንጁሎ።

«ምን እናገራለሁ? ፈቃዱ አሥረኛ ይላል፣ አሥረኛ ወስጃለሁ። አንድ ሳንቲም ከዚያ ያለፍኩ እንደሆነ ይነገረኝ።»

«አላለፉም» አሉ አቶ ቦሼ። «ግን እኛ አሥራት ለእግዚአብሔር የምናወጣው ካገኘነው ላይ ነው። እርስዎ የሚወስዱት ከሚያቃጥሉት ላይ ነው። እግዚአብሔርም እንዲህ ያለ አሥራት አላገኘ!»

አዳራሹ ሳቀ። አቶ ገብረማርያም ራሳቸውም ሳቁ።

«እርስዎ ይቀልዳሉ፣ አቶ ቦሼ። ሞተሩን ከሻሸመኔ በጭቃ ስጎትት ግን ገመድ የያዘልኝ ቀልደኛ አላየሁም።»

«እውነት ነው፣ አልያዝኩም። ወገቤን ያመኛል።»

«ለምንድነው ጠዋት የሚያበሩት?» አልኳቸው።

ባርኔጣቸውን አዞሩት። «ብታበራ ትከስራለህ ያለኝ የለም፣ መምህርት። ባጠፋ ግን የማጣው አለ።»

ሐቀኛ መልስ ነበር። ተነሥቼ ያሰብኩትን ነገርኳቸው። ትርፋቸው ከናፍጣው ይላቀቅ። ለሚያበሩት ለእያንዳንዱ አምፖል ዋጋው አስቀድሞ ይወሰን፤ በዚያ ዋጋ ውስጥ ናፍጣ ከቆጠቡ ቁጠባው የእሳቸው ነው፣ ካባከኑ ጉዳቱ የእሳቸው ነው። ደንበኛው ለባከነ ናፍጣ አይክፈል። በየዓመቱ ኮሚቴው ተቀምጦ ዋጋውን ይመርምር።

አቶ ገብረማርያም ባርኔጣቸውን እንደገና ማዞር ጀመሩ። በመስኮቱ ወደ ሐይቁ ይመለከቱ ነበር።

«ይህን እቀበላለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ብቻ ትርፌን ከናፍጣው አንሥታችሁ አምፖሉ ላይ ካስቀመጣችሁት አምፖሌን በትክክል ቁጠሩልኝ። ሁለት ቤት የሚያበራ አምፖል ሁለት ነው። ቀዳዳው ሁሉ ይቆጠር። ያለዚያ አልፈርምም፤ ሞተሬን ነቅዬ ወደ ሻሸመኔ እመልሳለሁ።»

ይህን እንደሚሉ አውቅ ነበር። ሲሉት ግን ክፍሉ የራቀኝ፣ ድምፃቸው ከውኃ ሥር የሚመጣ መሰለኝ።

አቶ ቦሼ ተነሡ። ከዚህ ቀደም ሲቀልዱ እንጂ እንዲህ ሲናገሩ አልሰማሁም። «እኔ ስለ ዋጋ አላውቅም» አሉ። «አምና ጎረቤቴ ልቡን ሲያመው ማቃሰቱን የሰማሁት በቀዳዳው በኩል ነው። ግድግዳ ቢሆን ኖሮ ሳልሰማው ይሞት ነበር። በዚያ ቀዳዳ ተጣልተናል፣ ታርቀናል፣ አብረን ዘምረናል። ብርሃንን ለጎረቤት ማካፈል ከመቼ ወዲህ ነው እንደ ማጉደል የሚቆጠረው? ዋጋውን እንደፈለጋችሁ አድርጉት፣ ቀዳዳውን ግን ተዉልን። እኔ አልስማማም።»

ሰዉ አጉረመረመ። ብዙዎቹ ቀዳዳ ያላቸው ናቸው። አቶ አንጁሎ አንገታቸውን አከኩ። «እኔ በነጋዴው ሐሳብ እስማማለሁ» አሉ። «ሞተሩ ከሄደ ሁላችንም ወደ ኩራዝ ነን። እንግዲህ አንድ ለአንድ ሆነናል። የቀረው የወይዘሮ አስካለች እጅ ነው።»

አቶ ቦሼ የተናገሩት ለእኔ ብለው መሰለኝ። ከእሳቸው ጋር ብቆም የሚያማኝ አልነበረም። ደግነት ነው ይሉታል። ቀዳዳውም ይተርፋል፤ ማታም ቀና ስል ሰው ይኖራል። አየኋቸው። ከእሳቸው አልፌ በሩ አጠገብ ያለችውን ዓመለወርቅን አየሁ። አታጉረመርምም ነበር። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ የወለሉን ጣውላ ታያለች። በአዳራሹ ውስጥ ጎረቤት የሌላት እሷ ብቻ ነበረች።

«ይቆጠር» አልኩ፤ እጄንም አነሣሁ።

አቶ ቦሼ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ኤርካሎ ቢኖር» አሉ፣ በቁጣ ሳይሆን በሐዘን፣ «ይህን አያደርግም ነበር። ቀዳዳውን ያስተማረን እሱ ነው።»

አዳራሹ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አቶ ገብረማርያም እንኳ ባርኔጣቸውን ማዞር አቆሙ።

«ቀያሽ ነበር፣ አቶ ቦሼ» አልኩ። «የለካው ሲሳሳት ተመልሶ ይለካ ነበር።»

ይህን ብዬ ተቀመጥኩ።

ከተማው ቀዳዳዎቹን ለመድፈን ብዙ አልፈጀበትም። የጭቃ ጊዜ ነበር፤ ሰው ሁሉ በየደጁ ጭቃ በጭድ ያቦካ ነበር። ጋሼ ወልደሰንበት ግን አልቸኮሉም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቀዳዳው በቦታው ሳገኘው እዚያው እንዲቀር ማሰብ ጀመርኩ። የሁለት አምፖል ከፍለን ብንተወውስ? ማንም አይከለክለንም። አንድ ማታ ይህን ልነግራቸው በቀዳዳው በኩል ጠጋ አልኩ። ጋሼ በመኪናው ላይ አቀርቅረው ነበር። ምን ብዬ እንደምጀምር ሳስብ ቆየሁ። ምክንያቱን ቢጠይቁኝ የምመልሰው አልነበረኝም። ተመለስኩ።

ቅዳሜ ዕለት እትዬ ጣፈጠች በሬን አንኳኩ። ክንዳቸው እስከ ክርናቸው ጭቃ ነው።

«ነይ እንጂ! ባልሽ የበሳውን ባሌ ሊደፍነው ነው። በእኛ በኩል እሱ ይመርጋል፣ በአንቺ በኩል አንቺ አለስልሺ። አለዚያ የግመል ጀርባ ይመስልብሻል።»

ገብቼ ከቀዳዳው ፊት ቆምኩ። ጋሼ በማዶ ቀጫጭን እንጨት አጋድመው ከሥር ወደ ላይ ጭቃ ይመርጉ ነበር። አዲስ አምፖል በጣሪያቸው መካከል ተሰቅሏል፤ ለእኔም እንዲሁ ሰቅለውልኛል። መጀመሪያ ደረታቸው ተሸፈነ፣ ከዚያ ትከሻቸው። ፊታቸው ብቻ ሲቀር ቆም አሉ። ላብ በግንባራቸው ነበር፤ ፈገግ ይላሉ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ይህን ሁሉ ጊዜ ጥላዬን ተሸክመሽ ኖርሽ። አንድ ቀን እንኳ አላማረርሽም። ሌላ ጎረቤት ቢሆን በጩኸት ያባርረኝ ነበር። እግዜር ይስጥልኝ።»

«ምንም አልነበረም፣ ጋሼ።»

«አይ፣ ነበር እንጂ። ለጣፈጠች ሁልጊዜ እነግራታለሁ፤ እዚያ ብቻዋን ተቀምጣ ብርሃኗን እጋርድባታለሁ እያልኩ። አሁን ተገላገልሽ። ሙሉ ብርሃን ይኖርሻል።»

«ያኑርልኝ፣ ጋሼ» አልኩ።

«በይ እጅሽን አርጥቢ፣ እንዳይሰነጠቅ።»

የቀረውን ጭቃ አኖሩት። ፊታቸው ጠፋ፤ ድምፃቸውም ራቀ። እጄን ውኃ ውስጥ ነክሬ የእኔን በኩል አለሰለስኩ። ጭቃው ቀዝቃዛ ነበር። በድሮው መስመር ዳርቻ በአንድ ወገን፣ ጆሮው በነበረበት፣ የከሰሉ ጥቁረት ትንሽ ይታያል። በዚያ ላይ ጥቂት ቆየሁ። ከዚያ እሱንም አለሰለስኩት።

ዋጋው ወረደ። አምፖሉ ስለበዛ ለእያንዳንዱ የሚወሰነው አነሰ፤ ሞተሩም ጎሕ ሲቀድ ይጠፋል። ጠዋት ስወጣ ወፎች ይሰማሉ። አቶ ገብረማርያም ናፍጣ ስለሚቆጥቡ ከቀድሞው ያልተናነሰ ያገኛሉ ይባላል፤ እንኳን አገኙ። አቶ ቦሼ ለሁለት ሳምንት ያህል ሰላምታዬን በአንገታቸው ብቻ መለሱ፤ በሦስተኛው ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ «ወገቤን ያመኛል እንጂ ቂም የለኝም» አሉኝ።

አንድ አመሻሽ ከአረካ በሚመጣ መኪና ተሳፍሬ ስመለስ ከእንሰቱ ቅጠሎች መካከል አረንጓዴ የሚመስል ብርሃን አየሁ። ቅጠሎቹ ከውስጥ የበሩ ይመስላሉ። ሹፌሩ ሳይጠየቅ አቆመ። ዓመለወርቅ ብርጭቆ በውኃ እያለቀለቀች ነበር።

«መምህርት! ነይ ቁጭ በይ። የዛሬው በእኔ ነው።»

«ደንበኞችሽ በዙ።»

«የእሳት እራቱም በዛ» አለች። «ግን እሱ አይጠጣም።»

ሻዩን ጠጥቼ በእግሬ ወደ ቤት ሄድኩ። በሬን ከፍቼ መብራቱን አበራሁ። አምፖሉ በጣሪያው መካከል ነው፤ ማንም አይጋርደውም፤ ብርሃኑ ጥግ ሳይቀር ይደርሳል። ደብተሮቹን ዘረጋሁ፤ ፊደሎቹ አንድ በአንድ ይነበባሉ። በጭቃው ማዶ የስፌት መኪናው ከሩቅ እንደሚሮጥ ውኃ ይሰማል። ጥቂት ካረምኩ በኋላ እንደ ልማዴ ቀና አልኩ።

ግድግዳው ነጭ ነው። ጥላው የለም።